ሰንጢዬ ካርቶን ላይ ቶሎ ይዶለድማል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሱቅ መጋዘን ውስጥ በቀን ከ40 እስከ 50 ካርቶን እከፍታለሁ፤ ባዶውን ቆራርጬ በሲባጎ አስሬ ለቆራሌ እሰጣለሁ። የያዝኩት ተጣጣፊ ሰንጢ ነው፤ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሲከፈት የሚቆልፈው ነገር የለውም። ጠዋት የተሳለው ከሰዓት በኋላ መቁረጥ ትቶ መቅደድ ይጀምራል። የፕላስተሩ ሙጫም ስለቱ ላይ ይጋገራል። ወፍራም ካርቶን ስወጋ ደግሞ ታጥፎ ጣቴን ሊቆርጠኝ ነበር። ችግሩ ሰንጢው ነው ወይስ አያያዜ?

ንብረት ክፍል፦ መጀመሪያ ጣትህን እናድን። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ በሆዱ ይቆርጣል እንጂ በጫፉ አይወጋም። ጫፉ ካርቶን ውስጥ ተይዞ እጅህ ሲገፋ፣ ስለቱን ከፍቶ የያዘው የጀርባው ሞላ ብቻ ስለሆነ ይሸነፋል፤ የሚዘጋውም ጣቶችህ ላይ ነው። ሰንጢውን ለፕላስተር ብቻ ተወው፤ ለወፍራሙ ካርቶን የምላጩ ስፋት 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ከተር፣ ማለትም ምላጩ በክፋይ በክፋይ የሚሰበር መቁረጫ ግዛ። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ለወረቀት ነው፣ ካርቶን ላይ ይጎብጥና ይሰበራል። ምላጩን ከሁለት ክፋይ በላይ አታውጣ፤ ሲዶለድም አንዱን ክፋይ በፒንሳ ስበር፤ ስባሪውን ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ እንጂ ቆሻሻ ላይ አትጣል፣ ጠራጊዋን ይቆርጣል።

ሰንጢውም ሆነ ከተሩ ሥራ ቦታ ይደር። የየሕንፃው በር ፍተሻ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ሲገኝ ለማስረዳት ትቸገራለህ።

ባለሞረዱ፦ ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ብረት ይበላል። አብዛኛው ከአሮጌ ወረቀት ስለሚሠራ ደቃቅ አሸዋና የማዕድን ዱቄት አብሮት ይቀራል፤ ስለቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ስለዚህ መዶልዶሙ አይቀርም፣ አሳሳልህን አስተካክል።

1000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ ውሃ አጠጣ። ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገህ ብታቆመው 90 ዲግሪ ነው፤ በግማሽ ስታጋድመው 45፣ ደግመህ በግማሽ 22 ገደማ። ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርገህ ያዘውና አንዱን ጎን ብቻ ሳል፤ በሌላው ጎን አውራ ጣትህን ከጀርባው ወደ ውጭ ስታንሸራትት ቀጭን ሻካራ ጠርዝ እስኪሰማህ ድረስ። እሱ ሳይሰማህ ብታገላብጠው ጫፉ ድረስ አልሳልከውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሌላውንም ጎን እንዲሁ ሳል፤ በመጨረሻ ጫናውን እያቀለልክ አፈራርቅ። ከዚያ የአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትክ በየጎኑ 10 ጊዜ። ምሳ ሰዓት ላይ ቀበቶው ብቻ ይበቃል፤ ድንጋዩ በሳምንት አንዴ። ግራይንደር ላይ ግን አታስስለው፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ተቃጥሎ ለስልሷል፣ ከዚያ ወዲያ ስለት አይዝም።

የአራት ኪሎዋ፦ ወንድሜ፣ ለቆራሌ የሚሄድ ከሆነ መቆራረጡ ለምን አስፈለገ? የላዩንና የታቹን ፕላስተር ስትቆርጥ ካርቶኑ ራሱ ይተኛል። ያልተቆረጠው ለዕቃ ማሸጊያ ዳግም ይፈለጋል።

ላዩን ስትከፍት የስለቱ ጫፍ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አይግባ፤ ዕቃው ከክዳኑ ሥር ወዲያው ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ጎን ፕላስተር፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ ከሰውነትህ ወደ ውጭ። የግድ መቁረጥ ያለብህን ትልቅ ካርቶን መሬት ላይ አስተኛው። በውስጡ ያለውን ሞገድ (በሁለቱ ወረቀቶች መሐል የተጣጠፈውን) ተከትለህ ስትቆርጥ ይቀልላል፣ ስለቱ ግን ቦዩን ይዞ ከመስመር ይወጣል፤ ሞገዱን አቋርጠህ ሲሆን ሁለት ጊዜ ቀስ ብለህ ሂድበት፣ በአንዴ አትጫን። የተጣበቀውን ማዕዘን በዓይንህ እይ፤ አንዳንዱ በብረት ስቴፕል የተሰፋ ነው፣ ስለቱን ይሸርፈዋል። ክረምት ላይ የረጠበ ካርቶን ደግሞ ይተለተላል እንጂ አይቆረጥም፣ አድርቀው።

ለሙጫው የምግብ ዘይት ጠብ አድርግ፤ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ከጀርባው ወደ ስለቱ በጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና እጠብ። ማጠፊያው ውስጥ ውሃ እንዳይቀር፣ ይዝጋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥርስ ያለው ስለት ብይዝስ?

ባለሞረዱ፦ ወፍራም ካርቶን እንደ መጋዝ ይቆርጥልሃል፤ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አይሳልም፣ ለየጥርሱ ክብ ሞረድ ይፈልጋል። ጥርስ የሌለውን ስለት ያዝ።