ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች፤ ምን ልበላት?

የሳቢያን እናት፦ እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ጡቷ ግን ከአሁኑ ማደግ ጀምሯል። በዚህ በድሬ ሙቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሹራቧን አላወልቅም ብላ፣ ላቡ በጀርባዋ እየወረደ ትማራለች። ዛሬ ልጆቹ ደረቷን አይተው «አሮጊት» ብለዋት እያለቀሰች መጣች። በሩን ዘግታለች፤ እራትም አልበላችም። የፈረንጅ ዶሮ ነው ያመጣባት፤ ከቤት አስወጥቻለሁ።

የደቻቱ ልጅ፦ እህቴ፣ ዕድሜዋን ረሳሽው።

የሳቢያን እናት፦ ሰባት ዓመት ከአራት ወር።

ጡረተኛው መምህር፦ በእኛ ጊዜ ልጅ በዕድሜው ያድግ ነበር። ዛሬ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር የሚያድር ልጅ ምን ይሆናል? ወላጅ ሥርዓት ማስያዝ አለበት።

የደቻቱ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ሹራቡ ይወልቃል?

የከፊራ ነጋዴ፦ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ነርሷ፦ በሴት ልጅ የጡት እድገት ከ8 ዓመት በፊት ከጀመረ የሕፃናት ሐኪም ሊያያት ይገባል። አትደንግጪ፤ በሴቶች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ በሽታ አይገኝም። የአጥንቷን ዕድሜ ለማወቅ የግራ እጇን ራጅ ያነሷታል። አንዳንዷ ክትትል ብቻ ይበቃታል፤ ለሚያስፈልጋት ጉርምስናውን የሚያቆይ መርፌ አለ። በዶሮው ግን ራስሽን አትውቀሺ።

የከዚራዋ፦ እኔ ያቺ ልጅ ነበርኩ። ቁመቴን አይተው እንደ ትልቅ ሰው ያዙኝ ነበር፤ ልቤ ግን ሱዚ መዝለል ነው የሚፈልገው። እናቴ «ተሸፈኚ» ብቻ ስትለኝ አንድ ጥፋት የሠራሁ መሰለኝ። ስለ ሹራቡ አትታገያት። ከጎኗ ተቀመጪና «ሰውነትሽ ከጓደኞችሽ ትንሽ ቀደመ፤ ምንም አላጠፋሽም፤ እነሱም ይደርሳሉ» በያት። ወፈር ያለ የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ ብትለብስ ሹራቡን ራሷ ትተወዋለች። ስለ ወር አበባም ሳይመጣ በፊት ንገሪያት፤ እኔ ክፍል ውስጥ አይቼው የምሞት መስሎኝ ነበር። ማንም ሰው ሰውነቷን ቢነካ ወይም አጉል ነገር ቢናገራት ለአንቺ እንድትነግርሽ አደራ በያት።

ጡረተኛው መምህር፦ ትምህርት ቤት ቀይሪላት።

የደቻቱ ልጅ፦ ተሳዳቢዎቹ ቁጭ ብለው እሷ ለምን ትሰደዳለች? ጠዋት ከደወል በፊት ሄደሽ ለክፍሉ ኃላፊ ለብቻው ንገሪ። በክፍሉ ፊት ስሟን አንሥቶ እንዳይመክር ግን አስጠንቅቂው፤ ያ ከስድቡ ይብሳል።

የሳቢያን እናት፦ የክፍሉ ኃላፊ ወንድ ነው። አፌን እንዴት ልክፈት?

ነርሷ፦ ሴት መምህርት ወይም ምክትል ርእሰ መምህርት ካለች ለእሷ ንገሪ። ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ «ልጆች በሰውነቷ እያሾፉባት ነው፤ አስቁሙልኝ» ማለት ይበቃል። ቤት ውስጥም ቁመቷን አይታችሁ የትልቅ ሰው ሥራ አትጫኑባት፤ የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

የከፊራ ነጋዴ፦ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት ብያለሁ።

የደቻቱ ልጅ፦ ሰምተናል ወንድሜ።

የከዚራዋ፦ የሳቢያን እናት፣ በሩን ከፈተችልሽ?

የከዚራዋ፦ ዛሬ ጠዋትስ ሄደች?