ደረጃ 2 ወይስ 3? የልጄ የኩላሊት ካንሰር
ልጄ 3 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። ገላዋን ሳጥባት ግራ ሆዷ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰስኩ። ዊልምስ የሚባለው የኩላሊት ካንሰር ሆነ። በሲቲ ስካን ሳንባዋ ንጹሕ ነው። 4 ሳምንት ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን የሚባሉ የካንሰር መድኃኒቶች ወስዳ ዕጢው ከነኩላሊቱ ወጣ። እስከዚህ ተመስገን ነበር።

ግራ ያጋባን የፓቶሎጂው (የወጣው ዕጢ የላብራቶሪ ምርመራ) ውጤት ነው። ዕጢው የኩላሊቱን ሽፋን አልፏል፤ የተቆረጠበት ጠርዝ ግን ንጹሕ ነው፣ ሳይፈነዳም ነው የወጣው። ዓይነቱ መካከለኛ ስጋት ያለው ይላል። ካንሰሩ ሊዛመትበት ስለሚችለው ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) አንድም ቃል የለም። ቀዶ ሐኪሙን ስጠይቃቸው «አልወሰድንም» አሉኝ። እንዲሁ በቀላሉ!

አንዱ ሐኪም ደረጃ 2 ነው፣ መድኃኒቱ ይበቃታል ይላሉ። ሌላዋ ደግሞ ኖዱ ካልታየ 3 ሊሆን ይችላል፣ ጨረር ይታሰብበት አሉኝ። ጨረሩንም ፈራሁ፣ መቅረቱንም ፈራሁ። የዕጢው ናሙና ያለበት ስላይድ (መስታወት) እጄ ላይ ነው። ሊምፍ ኖድ ሳይመረመር የቀረ ልጅ የሚታከመው እንደ ደረጃ 2 ነው ወይስ እንደ 3?