ዩኒየኑ «አርቢትሬሽን አልሄድም» ሲል፦ ፍርድ ቤት ወይስ ፐርብ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ሠራተኛው የካሊፎርኒያ ካውንቲ ተቀጣሪ ነው። ለ5 ቀን ያለ ደመወዝ ታግዶ ግሪቫንስ (በአሠሪው ላይ የሚቀርብ መደበኛ ቅሬታ) ቢያስገባም ዩኒየኑ (የሠራተኛ ማኅበሩ) ጉዳዩን ወደ አርቢትሬሽን፣ ማለትም ወደ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ፣ እንደማይወስደው በኢሜይል አሳውቆታል። ኢሜይሉ ከደረሰው 4 ወር ሆኖታል። ዩኒየኑን በቀጥታ ሱፒሪየር ኮርት (የካሊፎርኒያ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) መክሰስ ይችላል?

መልስ 1፦
አይችልም። «ዩኒየኑ በአግባቡ አልወከለኝም» የሚል ክርክር መጀመሪያ የሚታየው በፐርብ፣ ማለትም በመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ግንኙነት ቦርድ ነው። ቀድሞ ፍርድ ቤት ከሄደ የዩኒየኑ ጠበቃ የሥልጣን መቃወሚያ ያነሣል፤ ዳኛውም ፍሬ ነገሩን ሳያይ መዝገቡን ይዘጋል። በዚህ መሀል የፐርብ የ6 ወር ይርጋ (አቤቱታ የማስገቢያ የጊዜ ገደብ) ያልፍበታል።

ይርጋው የሚቆጠረው ዩኒየኑ ከዚህ በላይ እንደማይረዳው ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ነው። እዚህ ላይ ያ ቀን ኢሜይሉ የደረሰበት ነው። ከዚያ በኋላ «እባካችሁ እንደገና እዩልኝ» እያሉ መጻፍ ቀኑን አያድሰውም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ የቀረው 2 ወር ነው፤ ዛሬውኑ ይጀምር።

መልስ 2፦
አቤቱታ ማስገባት ክፍያ የለውም። የሚጥለው አጻጻፉ ነው። «በደሉኝ» አይበቃም። «ማርች 3 የሰዓት መዝገቡን ለተወካዩ ላክሁ፤ ማርች 10 ምስክሮቼን ሳያነጋግር ፋይሉን ዘጋ» ተብሎ በቀንና በስም ይጻፍ፣ ኢሜይሎቹም ይያያዙ። ቅጂው ለዩኒየኑ መላኩን የሚያሳይ ማረጋገጫም አይረሳ።

አርቢትሬሽን አለመሄድ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ዩኒየኑ የወሰነው በዘፈቀደ፣ በአድልዎ ወይም በክፉ ልቦና መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። አይቶና አመዛዝኖ «አናሸንፍም» ካለ፣ ቢሳሳትም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም።

አቤቱታው ጉድለት ካለበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። በተሰጠው ቀን ካልተሻሻለ ውድቅ ይሆናል፤ ለቦርዱ አባላት ይግባኝ የሚባለውም በ20 ቀን ውስጥ ነው።

መልስ 3፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከሆነ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ፐርብ ሳይሆን ወደ ካውንቲው የራሱ የሥራ ግንኙነት ኮሚሽን ነው። በእገዳው ላይ በራሱ ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን (የሠራተኞችን የቅጣት ይግባኝ ለሚያየው አካል) ይግባኝ የማለት መብት ከነበረው ደግሞ ዩኒየኑ እዚያ የመወከል ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። የዚያ ይግባኝ ቀን ለብቻው ስለሚቆጠር የእገዳ ደብዳቤውን መልሶ ያንብበው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ካውንቲው አላሜዳ ነው። ፐርብ ውድቅ ቢያደርገው ያኔ ፍርድ ቤት ይቻላል?

መልስ 1፦
በሩ በጣም ጠባብ ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሪችመንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጉዳይ እንደወሰነው፣ ቦርዱ አቤቱታውን ውድቅ አድርጎ «ክስ አልመሠርትም» ሲል ፍርድ ቤት የሚያየው ሕገ መንግሥታዊ መብት ከተጣሰ፣ ቦርዱ ከሥልጣኑ ካለፈ ወይም ሕጉን በስህተት ከተረጎመ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስረጃው ሁሉ አሁን፣ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ይግባ።