ከሥራ ከተቀነስሁ በኋላ የትኛውን ድጎማ ልጠይቅ?

በለንደን ለዓመታት ከሠራሁበት ሆቴል በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ስለተሰናበትሁ፣ ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት ሁለቱን የሥራ አጥ ድጎማዎች በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከተረዳሁት ድረስ፣ ኒው ስታይል ጆብሲከርስ አላዋንስ የሚባለው ባለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት በተከፈለ የናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጥ የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) መዋጮ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቁጠባንም ሆነ የትዳር ጓደኛን ገቢ ሳይመለከት እስከ 182 ቀናት ይከፈላል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን የባልና ሚስትን ገቢ አንድ ላይ ይመዝናል፤ ቁጠባቸው ከ16,000 ፓውንድ ከበለጠም ጭራሽ አይሰጥም። ባለቤቴ የግማሽ ቀን ሥራ አላት፤ የቤት ኪራዩ ግን (ለንደን መሆኑን ልብ ይሏል) በመጀመሪያው ድጎማ ብቻ የሚገፋ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ከሁለተኛው ላይ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀነስ አንብቤአለሁ። ታዲያ ለሁለቱም ማመልከቱ ምን ይጠቅመኛል? የተሰጠኝ የስንብት ክፍያስ እንደ ቁጠባ ይቆጠርብኛል?