ፔኔሎፔ ስትሸምን ወንዶቹ ሳቁ፤ ገረዶቹ ሲሰቀሉ ሴቶቹ ዝም አሉ። ምን ልበላቸው?

መምህርት ከሐይቅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ የማስተምር የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለንባብ ክበባችን ልጆች የጥንቱን የግሪክ ገጣሚ የሆሜርን ኦዲሲ እተርካለሁ። መጽሐፉ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ስለሆነ አነባለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እነሱ ይጠይቃሉ። ሁለት ቦታ ላይ ተሰናከልሁ።

የመጀመሪያው ያስቃል። ኦዲሴውስ ለትሮይ ጦርነት ሄዶ ሳይመለስ በመቅረቱ 108 ላግባሽ ባዮች የሚስቱን የፔኔሎፔን ቤት ይወሩታል፤ ከብቷን እያረዱ ይበላሉ። እሷም «የአማቴን መገነዣ ሠርቼ ልጨርስና አገባለሁ» ብላ፣ ቀን የሸመነችውን ሌሊት በችቦ እየፈታች ሦስት ዓመት ታታልላቸዋለች። ይህን ስናገር የኋላ ወንበር ወንዶች በሳቅ ወደቁ። «መምህር፣ ሴት ሸማኔ?» ልጆቹ ምን ያድርጉ፤ በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል።

ሁለተኛው አያስቅም። ኦዲሴውስ በሄደ በ20ኛው ዓመት ተመልሶ ላግባሽ ባዮቹን ከጨረሰ በኋላ፣ ከእነሱ ጋር ተኝተዋል የተባሉ 12 ገረዶች ሬሳ እንዲያወጡና ጠረጴዛውን ከደም እንዲያጥቡ ይታዘዛሉ። ከዚያ ልጁ ቴሌማኮስ በአንድ የመርከብ ገመድ ደርድሮ ይሰቅላቸዋል። ሆሜር ወጥመድ ውስጥ እንደገቡ እርግቦች ይላቸዋል፤ እግራቸው ለጥቂት ጊዜ ተንፈራገጠ ይላል። ሴቶቹ ልጆች ዝም አሉ። አንዲቱ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ፣ «እንግዲህ ጀግናው ይህ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «ሴት ጀግናስ የላቸውም?» አለች።

ለመጪው ቅዳሜ እመለስበታለሁ ብዬ አመለጥሁ። ልክ ነሽ ብላት መጽሐፉን መዝጋት ሊሆንብኝ ነው፤ ተሳስተሻል ማለት ደግሞ አልቻልሁም። ገረዶቹን ዘልዬ ማለፍ ነበረብኝን? የምታውቁ እርዱኝ።

ሸማኔው ከኮምቦልቻ፦

ልጄ፣ ይህን ሆሜር የምትይውን ሰው አላውቀውም። ሽመናን ግን 40 ዓመት እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አውቀዋለሁ። የተሸመነ መፍታት ከመሸመን ይከብዳል። ማጉን አንድ በአንድ መምዘዝ ነው፤ ከቸኮልሽ ድሩ ይበጠሳል። ጋቢ ተበላሽቶብኝ የፈታሁ ጊዜ ከመሸመኑ ይልቅ መፍታቱ ወገቤን ቆርጦታል። ደግሞም ተፈትቶ የተሸመነ ክር ይሻክራል፣ ጭራ ያወጣል። እነዚያ 108 ወንዶች አንድ ቀን ጨርቁን በጣታቸው ቢዳብሱት ኖሮ በወሩ በነቁባት። ሦስት ዓመት የበሉት ፈትል ስለማያውቁ ነው። መጨረሻ ላይ ከተያዘች ያጋለጣት ሰው ሴት መሆን አለባት።

መምህርት ከሐይቅ፦

አባባ፣ እንዴት አወቁት! ሳልጽፈው ቀርቼ ነው እንጂ ያጋለጠቻትስ ከገረዶቿ አንዷ ናት።

የታሪክ ወዳጅ፣ ደሴ፦

መምህርት፣ ለልጆቹ በመጀመሪያ የግሪኮቹ መሸመኛ ከአባባ መሸመኛ የተለየ መሆኑን ይንገሯቸው። እነሱ ዘንድ መሸመኛው ቁሞ ነው፤ ድሩ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ በጫፉ ድንጋይ ወይም የሸክላ ክብደት ይታሰርበታል፤ ሴትዮዋ ቆማ ወዲያና ወዲህ እያለች ትሸምናለች። የባለጸጋም የንግሥትም ሥራ ነበር። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ሌላ ግጥም፣ በኢሊያድ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ሄሌን የምትሸምነው በእሷ ምክንያት የሚዋጉትን የሁለቱን ወገን ወታደሮች ነው። ወንዶቹ ውጭ ይዋጋሉ፣ እሷ ውጊያውን በጥለት ታስቀምጠዋለች።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ችግሩ ያለው «ጀግና» በሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። እኛ ጀግና ስንል ማመስገናችን ነው። የግሪኩ «ሄሮስ» ግን የምስጋና ቃል አይደለም። በሆሜር የጥንት ተዋጊ መኳንንት መጠሪያ ነው። ኋላ በየከተማው ደግሞ መቃብሩ ላይ መሥዋዕት የሚቀርብለት፣ ካልተለማመኑት የሚቀየም ኃይለኛ ሙት ማለት ሆነ። ከእኛ ጀግና ይልቅ ወደ ቆሌ ይጠጋል። ስለዚህ ልጅቷ ኦዲሴውስን አላመሰግንም ብትል ግሪኮቹን አልተቃረነችም። በዚህ ትርጉም ሴት ሄሮስም አለች፤ ሄሌን ራሷ በስፓርታ አጠገብ ቴራፕኔ በሚባል ቦታ ከባሏ ከሜኔላዎስ ጋር ትመለክ ነበር።

ኑሮው ግን ሌላ ነው። በጥንቷ አቴና ሴት ያለ ወንድ ሞግዚት ንብረት አታስተዳድርም፣ ፍርድ ቤት አትቆምም ነበር። ጸሐፊው ክሴኖፎን የተረከለት አንድ ባለጸጋ ሚስቱን ሲያገባት 15 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። የአቴናው መሪ ፔሪክሌስ በጦርነት ለሞቱት ባደረገው ንግግር ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች የሰጠው ምክር፣ በበጎም በክፉም ስማችሁ በወንዶች ዘንድ አይነሣ የሚል ነው። እንዲህ ባለች ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት የተውኔት ጸሐፊው የኤውሪፒዴስ ገጸ ባሕርይ ሜዴያ መድረክ ላይ ወጥታ አንድ ጊዜ ከመውለድ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዞ መሰለፍ ይሻለኛል አለች። የጻፈውም ወንድ፣ ጭንብል አጥልቆ የተጫወተውም ወንድ። ያ ተውኔት በውድድሩ ሦስተኛ ወጣ።

የአገራቸውን ሴት ከፈለጉ ደግሞ መቅደላ ሩቅ አይደለም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎ ሲያልፉ ገዢዋ ወርቂት አሳለፏቸው። የወርቂት ልጅ ግን አምባው ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር፤ ተገደለ።

የአልቃሿ የልጅ ልጅ፣ ወረኢሉ፦

የደሴው ወንድሜ ስለ ቃሉ የተናገረው ጥሩ ነው። የወርቂትን ነገር ግን በችኮላ ሰክቶታል፤ የልጅ ሞት በአንድ መስመር አይታለፍም።

እህቴ፣ እኔ ገረዶቹን አትዝለያቸው እላለሁ። ግን ኦዲሲን ለአንድ ቅዳሜ አስቀምጪና የኢሊያድን መጨረሻ አንብቢላቸው። እኔ አያቴ አልቃሽ ነበረች። እስላምም ክርስቲያንም ሲሞት ትጠራ ነበር፤ ሼሁም ቄሱም ሙሾ አታብዢ እያሉ ይቆጧት ነበር፤ እሷም እሺ ትልና ታብዛለች። ድንኳን ውስጥ የሟቹን ጀግንነት የምታውቀው እሷ ናት። ፈረሱን፣ ጠመንጃውን፣ እንግዳ አቀባበሉን በግጥም ታነሣለች። ግን ምስጋና ብቻ መስሎሽ እንዳትሳሳቺ። አንዱን ሙገሳ እንዳለች «ልጆችህን ለማን ጥለህ» ትለዋለች። ትወቅሰዋለች። ወንዶቹ በፉከራ የማይናገሩትን እሷ በለቅሶ ትናገራለች፣ ማንም ዝም በይ አይላትም።

የኢሊያድን 24ኛ መጽሐፍ ያነበብሁ ቀን አያቴን ነው ያየሁት። የትሮይ ልዑል የሄክቶር ሬሳ ወደ ከተማው ሲገባ ሦስት ሴቶች በተራ ያለቅሳሉ፦ ሚስቱ አንድሮማኬ፣ እናቱ ሄካቤ፣ በመጨረሻ ሄሌን። አንድሮማኬ ስለ ጀግንነቱ ብዙም አታወራም። በወጣትነትህ ሞትህ፣ መበለት አደረግኸኝ፣ ይህ ልጅ አያድግም፣ አልጋህ ላይ ሆነህ እጅህን ዘርግተህ አንድ ቃል እንኳ አልነገርኸኝም ትለዋለች። የእኛ አልቃሽ ማለት ይቺ ናት።

ይህች ሴት ደግሞ ቀደም ብሎ በ6ኛው መጽሐፍ፣ ቅጥሩ ለመውጣት በሚቀልበት በበለስ ዛፉ ዘንድ ሠራዊትህን አቁም፣ ጠላት ሦስት ጊዜ ሞክሮበታል ብላ መክራው ነበር። እሱ ምን አላት? ቤትሽ ግቢና ሽመናሽንና እንዝርትሽን ያዢ፣ ጦርነት የወንድ ነው። ሬሳው ከሠረገላ ኋላ ሲጎተት እሷ ቤት ውስጥ እንደታዘዘችው እየሸመነች ነበር፤ ለእሱም የገላ ውኃ እያስሞቀች። ዋይታውን ስትሰማ መወርወሪያው ከእጇ ወደቀ።

መምህርት ከሐይቅ፦

እህቴ፣ መወርወሪያው ላይ ስደርስ ማንበብ አቁሜ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ቅዳሜ እንግዲህ በ6ኛው መጽሐፍ እጀምራለሁ። ያንኑ «ሽመናሽን ያዢ» የሚለውን ቃል በኦዲሲ ቴሌማኮስም ለእናቱ ለፔኔሎፔ ይለዋል፤ አዝማሪው የትሮይን ነገር ሲዘፍን አልቻልሁም፣ ሌላ ዝፈን ብላ ስለለመነች ብቻ። የወሎ ልጅ እናቱን በእንግዳ ፊት እንዲህ ቢላት ምን እንደሚከተለው ወንዶቹን እጠይቃቸዋለሁ፤ ሳቃቸውን አያለሁ። ለልጅቷም «ሄሮስ» የሚለውን ቃል እሰጣታለሁ፤ ኦዲሴውስን በእሱ ትጥራው፣ ጀግና የሚለውን ለፈለገችው ታስቀምጠው። ግን ሌላ ነገር ጠይቃኛለች፤ የ12ቱን ገረዶች ስም። ሲሰቀሉ የአንዲቱም ስም አልተነሣም።

አባባ፣ መሸመኛዎን ይዘው ቢመጡልን ድፍረት ይሆንብኛል?

ሸማኔው ከኮምቦልቻ፦

ምን ድፍረት አለው ልጄ። መሸመኛው አይንቀሳቀስም፤ መወርወሪያውንና የተጀመረ ጋቢ ይዤ እመጣለሁ። ግን ቅዳሜ ገበያ አለብኝ፣ እሑድ አድርጊው። ሴቶቹ ልቃቂት ያምጡ። የሳቁት ወንዶች ደግሞ ከፊት ይቀመጡ፤ አንድ ክንድ ሸምኜ እሰጣቸዋለሁ፣ እስከ ማታ ፈትተው ያሳዩኝ።