የቴክኖሎጂ ትምህርትን የሚመለከተው የጋራ ሐሳባችን፦ በረቂቁ አንቀጽ 3 ላይ

ከጸሐፊው፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለትምህርት ቢሮ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ደርሷችኋል። አንቀጽ 3 «በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በቂ ኮምፒውተር ይሟላ» ይላል። ከመጽደቁ በፊት አስተያየታችሁን እንጠብቃለን።

ከ9ኛ ክፍል የአይሲቲ (የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) መምህር፦ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም ያለበት እሱ አይመስለኝም። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ነገር ግን ጨርቅ ለብሰው በተቆለፈ ክፍል ተቀምጠዋል፣ ቁልፉም ንብረት ክፍል ነው፤ መብራት ባለ ቀን ደግሞ ባለቁልፉ አይገኝም። ስለዚህ ኪቦርዱን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ተማሪዎቹም በማስመሪያ እያሰመሩ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። አንዲት ተማሪ ቃላትን የሚለየውን ረጅሙን የ«ስፔስ» ቁልፍ ከሌሎቹ እኩል አድርጋ በመሳሏ ነጥብ ቀንሼባት ነበር፤ ኪቦርድ በእጇ ነክታ እንደማታውቅ የገባኝ በኋላ ነው። ክፍሉ የማይከፈተው ትምህርቱ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ስለሌለ ይመስለኛል፤ ይህንንም ርዕሰ መምህሩም ወላጁም ተማሪውም ያውቃሉ፣ የፈተና ሰሞን ሲደርስም ክፍለ ጊዜያችን ለሒሳብና ለፊዚክስ ማካካሻ ይሰጣል። እንግዲህ አስቀድመን መጠየቅ ያለብን ከትምህርቱ ውጤት ከፊሉ ተማሪው በእጁ በሠራው ሥራ እንዲያዝ ነው።

ከነባር አባል፦ ወንድሜ ያነሳው ጉዳይ እኛ የተማርንበትን ዘመን አስታወሰኝ። በንጉሡ ጊዜ ኮምፕሬሄንሲቭ በሚባሉት ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ትምህርት ጎን ለጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ይሰጥ ነበር። የእንጨት ሥራ መምህራችን ውጤት የሚሰጡን የሠራነው ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ነው፤ የእኔው ስለተንገዳገደ ለሁለት ሳምንት እግሩን ስሞርድ ከረምኩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ከቀለሙ ትምህርት ለይቶ ለብቻው አወጣው፤ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የገባው የሌላ ትምህርት ማስተላለፊያ ሆኖ ነበር። ልጆቹ በእንግሊዝኛ የሚናገረውን መምህር በስክሪን ያዩታል እንጂ አቁመው ሊጠይቁት አይችሉም ነበር። ስለሆነም በሐሳባችን ውስጥ «ቴክኖሎጂ» የሚለው ቃል ኮምፒውተርን ብቻ እንዳያመለክት፣ ሶኬት መቀየርን፣ የሶላር መብራት መዘርጋትንና የተበላሸ ፓምፕ ፈትቶ መግጠምንም እንዲያካትት እጠይቃለሁ።

ከግል ትምህርት ቤት መምህርት፦ ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። ሆኖም 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የእያንዳንዱን ሥራ አንድ በአንድ አይቶ ማረም በ40 ደቂቃ አይሆንም። አምስት አምስት ሆነው በቡድን ይሥሩ፣ ነጥቡ ግን እያንዳንዱ የሠራውን በቃሉ ሲያስረዳ ይሰጠው፤ አለዚያ አንዱ ሠርቶ አራቱ ያልፋሉ።

ከጸሐፊው፦ በተሰጠው አስተያየት መሠረት አንቀጹ እንዲህ ተስተካክሏል፦ «ከቴክኖሎጂ ትምህርት ውጤት ከፊሉ ተማሪው በቡድን ሠርቶ በግሉ በሚያስረዳው የተግባር ሥራ ይያዝ፤ ለዚህም የተመደበው ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ አይሰጥ፤ የመሣሪያ ግዢ ከጥገና በጀትና ከተመደበ ኃላፊ ጋር ይሁን።» የተግባሩ ድርሻ ከመቶ 30 ይሁን ወይስ 50 በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ እስከ ዓርብ ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉልን።