10 ሜትር ባንድ ላይ ሁሉም ያዳምጣል፤ ማን ይጥራ?

ሽቦው_ቸርችል

ሰላም ለሁላችሁ፣ ፈቃድ አውጥታችሁ ለፍቅሩ ብላችሁ በሬዲዮ የምትነጋገሩ የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች። የምኖረው ቸርችል ጎዳና አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንቴናዬ በረንዳው ላይ በአግድም የተዘረጋ ዲፖል ነው። በየጎኑ ሁለት ሜትር ተኩል ሽቦ፣ በቃ። ለ10 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ከ28 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ላለው የሬዲዮ ሞገድ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ከአከራዬ ከእትዬም ጋር ተስማምተናል፤ የልብስ ማስጫቸውን እስካልነካ ድረስ ቅር አይላቸውም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ከሥራ መልስ 28.400 ሜጋኸርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። ከሜክሲኮ እስከ ስድስት ኪሎ አንድ ሰው አይናገርም። ከዚያ ወደ 28.074 ወርጄ ኤፍቲ8ን፣ ማለትም አጫጭር መልእክት በኮምፒውተር የሚላክበትን ዘዴ፣ ስከፍት ግን ስክሪኑ በጥሪ ምልክት፣ በየጣቢያው መለያ ስም፣ ይሞላል። ጣሊያን አለ፣ ሩሲያ አለ፣ ጃፓን አለ። ባንዱ ክፍት ነው፣ ሞገዱ ሩቅ አገር ይደርሳል ማለት ነው!

ይሄ ዕድል ደግሞ አይቆይም። 25ኛው የፀሐይ ዑደት በፈረንጆቹ 2024 ጫፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ነው። አንዱ ዑደት በአማካይ 11 ዓመት ይፈጃል። ሞገዱ ከሰማይ ተንጸባርቆ ሩቅ የሚደርሰው በፀሐይዋ ብርታት ነው፤ እሷ ስትረጋጋ 10 ሜትር ለቀናት ጭጭ ይላል። አሁን ያላወራንበትን መቼ ልናወራበት ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ባንዱ ዝም ያለው ሞቶ አይደለም። ሁላችንም እናዳምጣለን፣ ማንም አይጠራም። ሰው የለም ብዬ ሬዲዮውን አጠፋለሁ፤ እናንተም እዚያው ማዶ ሆናችሁ እንደዚሁ። ፈቃድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጋሽ_ሞገድ

ልጄ፣ ነገሩን በደንብ አይተኸዋል። አንድ ነገር ግን ላርምህ። ኤፍቲ8 ላይ ያየኸው ሁሉ በድምፅ ይሰማል ማለት አይደለም። ኤፍቲ8 ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን ሲግናል ከጫጫታው ሥር አውጥቶ ያነባል። ስክሪኑ ላይ ያለውን የሲግናል ጥንካሬ ቁጥር ተመልከት። ማይነስ 18 የሚል ጣቢያ በድምፅ አታገኘውም። ፕላስ 5፣ ፕላስ 10 የሚል ካየህ ግን ጊዜ አታጥፋ፤ ማይክህን አንሳ።

አጠራሩም ወግ አለው። አንዴ "ሲኪው"፣ ማለትም የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ፣ ብሎ መተው ዋጋ የለውም። ጥሪ ምልክትህን ቀስ ብለህ ሁለት ሦስቴ በል፣ አዳምጥ፣ ደግመህ ጥራ። ከሌላ አገር የሚያስስ ሰው መደወያውን እያዞረ በአንተ በኩል የሚያልፍባት ቅጽበት አጭር ናት። ያኔ እየተናገርክ መገኘት አለብህ።

ከተሰማህ በኋላ ደግሞ ተዘጋጅ። በኢቲ የሚጀምር የኢትዮጵያ ጥሪ ምልክት ለውጭ አማተሮች ብርቅ ነው፤ ይጎርፉብሃል። ሁሉም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲጮኹብህ ማንንም አትለይም። "ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ብላችሁ ጥሩኝ" በላቸው፤ አንተ በራስህ ፍሪኩዌንሲ እየተናገርክ ከላይ ታዳምጣለህ።

ስለዚህ የከተማውን ጨዋታና የውጭውን ጥሪ አንድ ላይ አታድርጉት። አዲስ አበባ ውስጥ እርስ በርስ ለመሰማት የፀሐይ ዑደት አያስፈልግም፤ ሞገዱ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ለዚያ በኤፍኤም 29.600 ላይ ተጠራሩና ወደ ጎን፣ ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ፣ ወጣ በሉ። የአንዱ አንቴና የቆመ፣ የሌላው የተጋደመ ከሆነ ግን ቅርብ ለቅርብ ሆናችሁም ድምፁ ክፉኛ ይደክማል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

አምስት_ኪሎ_ተማሪ

ሰላም ጋሼ፣ ሰላም ሽቦው። እኔ ገና ፈቃድ የለኝም። የክለብ ጣቢያው ኢቲ3ኤኤ ግን እኛው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቤ ሆኖ በክለቡ ጥሪ ምልክት ተናግሬያለሁ። የመጀመሪያዋ ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ አሁን በራሴ ጥሪ ምልክት የምናገርበትን ቀን ነው የምጠብቀው። ባንዱ እንዲነቃ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ጀማሪ አምጡ።

ባንዱ መከፈቱን ለማወቅ እኔ ከኤፍቲ8 ይልቅ 28.200ን እወዳለሁ። በዓለም ዙሪያ ያሉ 18 ቢከኖች፣ ማለትም በራሳቸው ምልክት የሚልኩ ጣቢያዎች፣ እዚያ በየተራ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ይልካሉ፤ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። መጀመሪያ ጥሪ ምልክታቸው በሞርስ ይመጣል። ቀጥሎ አራት ረዣዥም ድምፆች አሉ። የመጀመሪያው በ100 ዋት ነው፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1፣ የመጨረሻው በአንድ ዋት አንድ አሥረኛ። ዳሽ፣ ዳሽ፣ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። አንድ ቀን የፊንላንዱን አራተኛ ዳሽ በጆሮዬ ሰማሁት። ለባትሪ መብራት እንኳ የማይበቃ ኃይል ነው! ከዚያ ወዲህ አንቴናዬ ትንሽ ነው፣ ኃይሌ ትንሽ ነው የሚል ሰው አያሳምነኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኬንያው ቢከን ስላልተሰማ ባንዱ ተዘግቷል አትበሉ። 10 ሜትር ላይ ሞገዱ ከሰማይ ተንጸባርቆ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ራቅ ብሎ ነው። ናይሮቢን በአናቷ ላይ ሊያልፋት ይችላል፤ ጃፓን ግን ቁልጭ ብሎ ይገባል።

ቆርቆሮ_ጣሪያ

እኔ ተክለ ሃይማኖት ነኝ። የሚጠራኝ ቢኖርም አልሰማውም፤ ጫጫታው ገደለኝ። የጎረቤት ኤልኢዲ አምፖል፣ የሞባይል ቻርጀር፣ ምኑ ቅጡ። ሰሞኑን መብራት ሲጠፋ ሬዲዮውን ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው፤ የሲግናል መለኪያው ቀስት ከሰባት ወደ አንድ ወረደ። የደቡብ አፍሪካ ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት ሬዲዮ ክፈቱ።

መብራት ባለበት ቀን ደግሞ የራሳችሁን ቆጣሪ አጥፍታችሁ በባትሪ አዳምጡ። ጫጫታው ከቀነሰ ጥፋቱ ከገዛ ቤታችሁ ነው። እኔ አንዱን ርካሽ ቻርጀር ብቻ ነቅዬ ብዙ ተገላገልኩ።

ሽቦው_ቸርችል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ እንጀምረው።

ቅዳሜ ከሰዓት በእኛ 10 ሰዓት፣ በየሳምንቱ፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም። ለውጭ ሰው ስትነግሩ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ፤ 13 ሰዓት ዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ይሆናል። በዚያ ሰዓት አውሮፓ ገና ቀን ነው፤ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍም ነግቶለታል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት 29.600 ላይ ተጠራርተን፣ ወደ ጎን ወጥተን እርስ በርሳችን እንገናኝ። ከዚያ 28.400 አካባቢ ነፃ ቦታ ይዘን በየተራ ወደ ውጭ እንጥራ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለው።

ጋሼ፣ መሪ ጣቢያውን እርስዎ ቢይዙልን ደስ ይለናል። ተማሪዋ፣ አንቺ ክለቡን ጠይቂልን፤ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ጣቢያው ክፍት ከሆነ ከጓደኞችሽ ጋር ግቢ። አንቴናን በተመለከተ የእኔ የተጋደመ ነው። የእናንተስ?

ጋሽ_ሞገድ

እሺ፣ እይዛለሁ። የእኔ የቆመ ነው፤ እስከ ቅዳሜ አጋድመዋለሁ።

አምስት_ኪሎ_ተማሪ

ነገ ጠይቄ እዚሁ እጽፋለሁ። ማን ከማን እንደተገናኘ የሚመዘገብበትን ሎግ ደብተርም እኔ ልያዝ።